የመብራቱ ውልና የሐይቁ ውሃ

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

የቆጣሪ ካርድ ለማስሞላት ወረፋ ይዤ ነበር። ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ ማለት ከጀመረ ዓመት ስላለፈው ወረፋው ላይ ሌላ ወሬ የለም። ከፊቴ የቆሙ እናት «ለኬንያ በነፃ እየለገሱ እኛን ያራቁቱናል» አሉ። ከኋላ አንዱ «ጅቡቲን ረሷት እንዴ እማማ?» ብሎ አጀባቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽ ትመስያለሽ፤ ውሸቴን ነው?» አሉኝ። «በነፃስ አይደለም እማማ» አልኩ። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከኬንያ ፓወር ጋር ውሉን የፈረመው በሐምሌ 2022 ነው (በዚህ ማስታወሻ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ 400። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን በዛሬው የባንክ ምንዛሪ ከ9 ብር በላይ ይመጣል። እኔ ከምከፍለው ይበልጣል። ያውም እነሱ የሚረከቡት በጅምላ፣ ከከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ነው፤ እኔ ቤት እስኪደርስ ግን ትራንስፎርመሩም፣ ምሰሶውም፣ ቆጣሪውም ወጪ አለው። የወረፋው ወሬ በዋጋ በኩል አያስኬድም።

የሚያስኬድ ሌላ ቅሬታ አለ፤ እሱን ግን ማንም ሲያነሣ አልሰማሁም። በዜና የተነገረን ሜጋዋቱ፣ ሳንቲሙና ዓመቱ ነው። ኃይሉ ስለሚመነጭበት ወንዝ ውሉ አንዲት ቃል ይበል አይበል የነገረን የለም።

መስከረም 30

ቢሮ ሥራ ቀዝቅዟል። ትራንዚተር ቤት ውስጥ ስለምሠራ የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፉ ከጠረጴዛዬ አይለይም፤ ሥራ ሲጠፋ እንደ ልብ ወለድ አገላብጠዋለሁ። ምዕራፍ 27 የነዳጅ ምዕራፍ ነው። የድንጋይ ከሰል፣ ድፍድፍ ዘይት፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ጋዝ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ 27.16 ተራ ቁጥር ላይ ኤሌክትሪክን ያስቀምጣል። ዓለም አቀፉ ሥርዓት ይህቺን አንዲት ተራ ቁጥር ለአገሮች ፈቃድ ትቷታል፤ የፈለገ ኤሌክትሪክን እንደ ዕቃ ይመዘግባል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ዲክላራሲዮን ተሞልቶላት፣ በከባድ መኪና ተጭና፣ መጋዘን አድራ የምትወጣ ዕቃ ስላልሆነች ይሆናል።

መጽሐፉ የማይጠይቀው ነገር ነው የገረመኝ። ከግድብ ይምጣ፣ ከናፍጣ ጄኔሬተር ይምጣ፣ ከድንጋይ ከሰል ይምጣ፣ ተራ ቁጥሩ ያው ነው። የንግድ ሕግ የቆየ ልማዱ ይኸው ነው፤ ዕቃውን ያያል እንጂ አሠራሩን አያይም። አንድ አገር «የእገሌን ዕቃ አካባቢ አበላሽቶ ስለሠራው አልቀበልም» ሲል የዓለም ንግድ ድርጅት ፊት ብዙ ጊዜ የሚከራከረው በልዩ ሁኔታ አንቀጽ ተጠልሎ ነው። ልማዱን በግልጽ እየለወጠ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ከመጪው ጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ኅብረቱ በሚገቡ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጂንና ኤሌክትሪክ ላይ፣ ሲመረቱ ያወጡት ካርቦን ተሰልቶ ክፍያ ይጠየቅባቸዋል። የእኛ መብራት አውሮፓ አይደርስም። አሠራርን በጉምሩክ በር ላይ መጠየቅ እንደሚቻል ግን አሁን ማንም አይክድም።

እኛም ብንሆን ጉምሩክን ለኃይል ፖሊሲ ስንጠቀምበት ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ከጥር 2024 ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አይመጣም፤ ማስገባቱ ታግዷል። የኤሌክትሪኩ ተገጣጥሞ ከመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ከተገጣጠመ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ተበታትኖ ከመጣ ነፃ ነው። አለቃችን ይህን ያህል ትልቅ የአየር ንብረት እርምጃ በአንድ የታሪፍ ሠንጠረዥ መወሰዱ ዛሬም ያስቀዋል። እኔን አያስቀኝም። በዚህ አገር ሠንጠረዥ ከመግለጫ ይልቅ ይሠራል።

ጥቅምት 9

ለቅሶ ለመድረስ ወላይታ ሶዶ ወርደን ነበር። የዘመዶቻችን ቤት ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከእዚያ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚነጉዱት የብረት ማማዎች ይታያሉ። መስመሩ 500 ኪሎቮልት፣ ቀጥተኛ ዥረት የሚያስተላልፍ፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም የሚችል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ ላይ ያርፋል። ለቀስተኛው ስለ ከብትና ስለ እንሰት ሲጫወት ቆይቶ ወሬው ወደ ማማው ሄደ። አንድ አዛውንት መስመሩ በማሳቸው ላይ ሲያልፍ ተለክቶ ካሳ እንደተከፈላቸው ነገሩን። ካሳው ይነስ ይብዛ ሲከራከሩ አመሹ። ተለክቶ መከፈሉን ግን ማንም አልካደም።

ካሳው ከየት መጣ? ከአበዳሪው። የዓለም ባንክ በ2012 ለዚህ መስመር 684 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ የአካባቢ ጥናትና የተነሺዎችን ካሳ የሚመለከተውን ደንቡንም አብሮ አምጥቷል። የአፍሪካ ልማት ባንክና የፈረንሳይ ልማት ኤጀንሲም የየራሳቸውን ገንዘብ ጨምረዋል። በማማው ሥር ያለ ዛፍ ሁሉ ባለቤት ኖሮት ተቆጠረ።

ኃይሉ ከሚወጣባቸው ግድቦች አንዱ፣ ግልገል ጊቤ 3፣ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ቁመቱ 243 ሜትር፣ አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነው። ግንባታው በ2006 ለጣሊያኑ ሳሊኒ ያለ ውድድር ተሰጠ። ለግድቡ ብድር የተጠየቁ ባንኮች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው የጨረታ ጉዳይ ነበር። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ከግድቡ ፋይናንስ ራሳቸውን አራቁ፣ ለተርባይኖቹ የቻይና ብድር ተገኘ፣ ግድቡም ታኅሣሥ 2016 ተመረቀ። ተቺዎች «መስመሩ ያለ ግድቡ ትርጉም የለውም» ሲሉ የዓለም ባንክ መልስ መስመሩ ከአንድ ግድብ ሳይሆን ከአገሪቱ መረብ ኃይል ይወስዳል የሚል ነበር። መልሱ በምሕንድስና በኩል እውነት ነው። ውጤቱ ግን እንዲህ ሆነ፦ በሽቦው ሥር ያለው ማሳ ደንብ አለው፣ ሽቦውን ከሚመግበው ግድብ በታች ያለው ማሳ የለውም። ለዚህ ልዩነት የሰጠነው ምክንያት ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥቅምት 16

ማታ ማታ ከዚሁ ግድብ ጋር የተያያዘ አንድ የኬንያ የፍርድ ውሳኔ እያነበብኩ ነው። የኬንያው ቱርካና ሐይቅ ከሚያገኘው ውሃ አብዛኛውን፣ ከመቶ 80 የማያንሰውን፣ የሚያመጣለት ጊቤ 3 የተሠራበት የኦሞ ወንዝ ነው። ከሐይቁ ዳር የተቋቋመው «የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች» የተባለው ማኅበር ኢትዮጵያን መክሰስ አልቻለም፤ የናይሮቢ ችሎት አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ የገዛ መንግሥቱን ከሰሰ። ክሱ በአጭሩ «ኤሌክትሪኩን ልትገዙ ስትስማሙ በእኛ ሐይቅ ላይ ተስማምታችኋል፤ ምን እንደተስማማችሁ ንገሩን» የሚል ነው።

የናይሮቢ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት በግንቦት 2014 ፈረደላቸው። መንግሥት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ለመግዛት ስላደረጋቸው ስምምነቶች መረጃ እንዲሰጥ፣ የሐይቁም ሀብት በዘላቂነት መያዙን እንዲያረጋግጥ አዘዘ። የፍርዱ መሠረት የኬንያ ሕገ መንግሥት ነው፤ በእሱ ንጹሕ አካባቢም፣ መረጃ ማግኘትም የዜጋ መብት ናቸው። ዛሬም የሚያስደንቀኝ የመንገዱ ብልሃት ነው። ወንዙን የያዘው ጎረቤት አገር ነው፤ እነሱ ግን ወንዙን ትተው የግዢውን ደረሰኝ ያዙ። ግዢው በኬንያ ምድር የተፈጸመ የኬንያ መንግሥት ድርጊት ስለሆነ ዳኛዋ ሊያዩት ቻሉ። የማኅበሩ መሥራች ኢካል አንጀሌይ ከፍርዱ ሁለት ዓመት ቀድማ የጎልድማንን የአካባቢ ሽልማት ወስዳ ነበር።

ፍርዱ ግድቡን አላቆመም፤ ላቁም ብሎም አልተነሣም። ሙሌቱ የተጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ጥቅምት 28

ሞያሌ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ፤ ለበዓል እመጣለሁ ይላል። ስለ መስመሩ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «እናንተ ዛሬ ነው የሰማችሁት? ወዲያ ማዶ ያለው ሞያሌ እኮ ድሮም የሚበራው በእኛ መብራት ነው። እኛ ሲጠፋብን እነሱም ይጨልማሉ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትልቁ መስመር ሳይታሰብ የኬንያዋ ሞያሌ በትንሽ መስመር ከዚህ ወገን ኃይል ትወስድ ነበር። «ውሃችሁንስ ማን ያጠጣችኋል?» ስለው «እሱን አትጠይቂኝ» ብሎ ወደ ስኳር ዋጋ ገባ።

ኅዳር 6

ኃይል ወደ ኬንያ መፍሰስ የጀመረው በኅዳር 2022 ስለነበር ሦስቱ ዓመታት በዚህ ወር ይሞላሉ። እንደ ውሉ ቀጣዩ ደረጃ 400 ሜጋዋት ነው።

ይህ ቁጥር ወንዙ ላይ ምን ይሠራል? የዚህ ሁሉ ማስታወሻ ቁም ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ልዘርዝረው። ገዢ አገር የሚፈልገው ቀንም ሌትም፣ ክረምትም በጋም የማይዋዥቅ ኃይል ነው። የማይዋዥቅ ኃይል ከግድብ እንዲወጣ ውሃው በተርባይን በኩል ዓመቱን ሙሉ በልክ መለቀቅ አለበት። የጊቤ 3 ሐይቅ ይህን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ወደ 150 ኪሎሜትር በሚረዝም ሸለቆ ውስጥ ክረምት የሞላውን ይዞ በጋ ላይ ያወጣል። ለተርባይኑም፣ ለገዢውም፣ ለዶላሩም ይህ ጥሩ ነው።

ታችኛው ኦሞ ግን የኖረው ወንዙ በመዋዠቁ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ኦሞ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ሲሸሽ የተወው ጥቁር ደለል ላይ ዳሰነቹም፣ ካሮውም፣ ሙርሲውም ማሽላውን ይዘራ ነበር። ዝናብ በማይታመንበት አገር ይህ የእርሻው ዋና ዋስትና ነበር። ወንዙ ተስተካክሎ ሲፈስ ማሽላው አይዘራም። በግድቡ የአካባቢ ጥናት ላይ ይህ ታስቦ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጎርፍ መልቀቅ ማለት ግን ሊሸጥ የሚችል ኃይልን ሳያመነጩ ማፍሰስ ነው። የጎርፉ ነገር በጥናት ውስጥ ያለ ሐሳብ ሲሆን ሜጋዋቱ በውል ውስጥ ያለ ግዴታ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚሸነፍ ለማወቅ ትራንዚተር መሆን አያስፈልግም።

አጥብቄ የምይዘው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ኃይልን በድንበር ማዶ የሚሸጥ ውል የንግድ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የወንዙን የዓመት አፈሳስ ይወስናል። ሲፈረም ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ኅዳር 13

ያለፈው ሳምንት የጻፍኩት ሲነበብ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጎርፉ በረከት ብቻ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ኦሞ በድንገት ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ወስዷል፤ የግድቡ ደጋፊዎች ይህን ሁልጊዜ ያነሣሉ፣ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። ቱርካና ሐይቅም ይደርቃል ተብሎ ተፈርቶ ሳለ ባለፉት ዓመታት በከባድ ዝናብ ሳቢያ ከፍ ብሎ ዳርቻውን ዋጥ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ወንዙና ሐይቁ ተጋግዘው ዳሰነች ወረዳ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቅለዋል።

ይህ ግን ክርክሬን አያፈርስም። ሲያንስም ሲበዛም፣ ግድቡ ላይ ያለው ሰው መቼ ምን ያህል እንደሚለቅ ለታችኛው ሰው፣ በዳሰነቿ ከተማ በኦሞራቴም ሆነ ከድንበር ወዲያ፣ አስቀድሞ የመንገር ግዴታ የሚጥልበት የሁለቱ አገሮች የኦሞ ስምምነት የለም። ናይል ላይ ቢያንስ የትብብር ማዕቀፉ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ውሏል። ዓለም አቀፉን የ1997ቱን የወንዞች ኮንቬንሽን ኬንያ ደግፋ ድምፅ ስትሰጥ ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋለች፤ ሁለቱም አባል አልሆኑም።

ኅዳር 17

ታዲያ ሐይቁን የሚያስታውስ ምን ሰነድ አለ? ፈልጌ ያገኘሁት የማልጠብቀው ቦታ ነው። ሁለቱም አገሮች በፈረሙት በ1972ቱ የዓለም ቅርስ ኮንቬንሽን አንቀጽ 6 መሠረት፣ አንድ አባል አገር በሌላው አባል አገር ግዛት ያለን ቅርስ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ሊጎዳ የሚችል እርምጃ ሆነ ብሎ ላለመውሰድ ቃል ይገባል። የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች ከ1997 ጀምሮ ቅርስ ናቸው። የእኛው የታችኛው ኦሞ ሸለቆም ከ1980 ጀምሮ። በ2018 ማናማ ላይ የተሰበሰበው የቅርስ ኮሚቴ ፓርኮቹን አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። የንግዱ ወገን ያልጠየቀውን የቅሪተ አካልና የአዞ ጠባቂዎች ጠየቁት። ኮሚቴው ግን የሚያስገድድበት ጉልበት የለውም፤ መዝግቦ ያሳፍራል፣ ከዚያ ዘገባ ይጠብቃል።

ኅዳር 25

ሽያጩን የምቃወም የሚመስለው ሰው እንዳይኖር ይህንን ልጻፍ። ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ አንዱ ባልደረባችን «ታዲያ አንቺ መስመሩ ይቆረጥ ነው የምትዪው?» አለኝ። በፍጹም። ኬንያ ከእኛ የወሰደችው ኃይል የናፍጣ ጣቢያዎቿን ሥራ ያቀልላል። ላሙ ላይ 1,050 ሜጋዋት የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ልትሠራ አስባ የነበረች አገር ናት፤ ፈቃዱን የአካባቢ ጉዳይ ችሎቷ በ2019 ሰረዘው። ኬንያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያደረገችውና በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ የዋለው የንግድ ስምምነት ስለ አየር ንብረት አስገዳጅ ድንጋጌ አለው። አበባዋና ሻይዋ ንጹሕ መብራት መፈለጋቸው አይቀርም፤ ከዚያ ንጹሕ መብራት አንዱ ክፍል የኦሞ ውሃ ነው። የአውሮፓ ገዢ ስለ ናይሮቢ አበባ ሲጠይቅ ሳያውቀው ስለ ዳሰነች ማሽላ እየጠየቀ ነው። እስከዚያ ድረስ ወርዶ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

የአህጉራችን የንግድ ሰነዶች ከዚህ አይሻሉም። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና በግንቦት 2019 ሥራ ላይ ሲውል በመጀመሪያ ለአገልግሎት ንግድ የመረጣቸው አምስት ዘርፎች ናቸው፤ ኃይል በውስጣቸው የለም። ኢትዮጵያና ኬንያ በ2012 የፈረሙት ልዩ ስምምነት ንግድና መሠረተ ልማትን ያያይዛል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት በ2005 ተመሥርቶ በዓመቱ የንግድ ማኅበሩ የኮሜሳ ተቋም ሆኗል። የሚገርመው ታንዛኒያ ከኮሜሳ በ2000 ወጥታ ሳለ የቋቱ አባል መሆኗ ነው፤ ሽቦ ከንግድ ማኅበር ይልቅ ያስተሳስራል ማለት ነው። ቋቱ ስለ መስመር ደንብና ስለ ገበያ ብዙ ይሠራል። የወንዝ አለቃቀቅ የእሱ ሥራ አይደለም። የማን ሥራ እንደሆነ ነው ጥያቄው።

ታኅሣሥ 4

ዛሬም ካርድ ለመሙላት ሄጄ ነበር። ወረፋው አጭር ስለነበር ወሬም አልነበረም።

ቀጣዩ ውል ሩቅ አይደለም። የኬንያና የታንዛኒያ መስመሮች ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ ተያይዘዋል፤ ታንዛኒያም በኬንያ በኩል ከእኛ ኃይል ለመግዛት ስትነጋገር ቆይታለች። ከጊቤ 3 በታች የኮይሻ ግድብ በዚያው በኦሞ ላይ እየተሠራ ነው። የሚሸጥ ኃይል ይጨምራል፤ ይጨምር። ለድርድር የሚቀመጡት ሰዎች ግን ሁለት ነገር ያድርጉልን። አንደኛ፣ በወንዙ ላይ ያለው ግዴታ፣ ማለትም በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅና ሲለቀቅ ለማን እንደሚነገር፣ ከሜጋዋቱና ከሳንቲሙ ጎን በዚያው ውል ውስጥ ይጻፍ፤ በተለየ ጥናት ውስጥ አይቅር። ሁለተኛ፣ ውሉ ይታተም። የኬንያ ዜጎች ስምምነቱን ለማየት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው፤ የኦሞራቴ ሰው ግን የሚሄድበት ፍርድ ቤት እንኳ የትኛው እንደሆነ የነገረው የለም።